ቀለበቱ ውስጥ ያለው ቁጥር እና ጀሪካኑ ውስጥ የረጋው ዘይት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ ከዋሽንግተን አንድ ሊንክ ላከልኝ። ትራንስ ፋት የማስታወስ ችሎታ ይቀንሳል የሚል የ2015 ጥናት ነው። ከጎኑ ባለ ብዙ ቀለም ቀለበት አለ፣ መሀሉ ላይ ትልቅ ቁጥር ተጽፏል። ወንድሜ ይሄን ያህል የተወራለት ጥናት ውሸት ሊሆን አይችልም፣ ያንን የሚረጋ ዘይት ዛሬውኑ ጣይው አለኝ። ዘይቱ ባለ 20 ሊትር ነው፣ ገና አልተጋመሰም። ልጣለው ወይ? ቁጥሩስ ምን ማለት ነው?»

እህቴ፣ ጀሪካኑን ለጊዜው አትንኪው። ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ ሦስት ነው። ቁጥሩ ምን ይለካል? ትራንስ ፋት፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ፈሳሽ ዘይት እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ስብ፣ እውነት ጎጂ ነው? ያንቺ ዘይትስ ትራንስ ፋት አለው? ወንድምሽ ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የላከልሽ። አልፈርድበትም። እኔ የምግብ ኬሚስትሪ ተምሬ ዘይት ስመረምር የምውለው ሰውዬ እንኳ ከቤተሰብ ግሩፕ በየሳምንቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ይደርሰኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቁጥሩ ልጀምር። ቀለበቱ የአልትሜትሪክ ነው፤ 2011 ላይ ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ድርጅት ነው የሚያወጣው። የሚሠራው ነገር ብዙም አይወሳሰብም። አንድ ጥናት ኢንተርኔት ላይ የት የት ስሙ እንደተነሳ ይለቅማል፣ ለእያንዳንዱ ቦታ ክብደት ይሰጣል፣ ከዚያ ይደምራል። ቀዩ ዜና ነው፣ ውሃ ሰማያዊው ትዊተር (አሁን ኤክስ የሚባለው)፣ ቢጫው ብሎግ። ዜና ከአንድ ትዊት በብዙ እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግርሽ ስንት እንደተወራ ነው፣ ያለቀ። ጥናቱን ያደነቀውም የሰደበውም፣ ርዕሱን ብቻ አይቶ ሼር ያደረገውም ሁሉም ይቆጠራል። 1998 ላይ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ 2010 ላይ በመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልተሰረዘም። ድርጅቱ ራሱም ቢሆን ቁጥሩ የጥራት መለኪያ ነው ብሎ አያውቅም፤ እንደዚያ የሚያነቡት ሰዎች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ጥናት በመቶ ዜና ማሰራጫ ወጣ ሲባል መቶ ጋዜጠኛ አነበበው ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አንድ ገጽ መግለጫ ያወጣል፣ አንድ የዜና ወኪል ይወስደዋል፣ የቀሩት ከሱ ይገለብጣሉ። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው የጀመረው ሐሜት አሥር ቤት ሲዞር አሥር ምስክር አይሆንም፤ ምንጩ አሁንም ያው አንድ ሰው ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ። ቀለበቱ ውስጥ ሐምራዊ ቀለም ካለ እሱን ተጫኚው። ሐምራዊው ጥናቱ በመንግሥት ወይም በትልልቅ ተቋማት የፖሊሲ ሰነድ ውስጥ እንደተጠቀሰ ነው የሚያሳየው። እውነት ነው ብሎ ማህተም አይመታም፣ ግን ቢያንስ ሥራው የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶታል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አሁን ወንድምሽ ወደላከው ጥናት። ጥናቱ የውሸት አይደለም። የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ መሪዋ ቢያትሪስ ጎሎምብ ናት። 1018 ሰው ነው ያጠኑት። አሠራሩን በዓይነ ህሊናሽ ሳዪው። ሰውየው ይቀመጣል፣ ቃል የተጻፈበት ካርድ አንድ በአንድ ያሳዩታል፣ «ይሄ አዲስ ነው ወይስ ቅድም አይተኸዋል?» ይሉታል። 104 ካርድ። በአማካይ ወደ 86 ቃል ያህል በትክክል ይመልሳሉ። ከዚያ ምን ምን እንደሚበላ መጠይቅ ይሞላል፣ ከመጠይቁ ላይ በቀን ስንት ግራም ትራንስ ፋት እንደሚወስድ ይሰላል። ውጤቱ፦ ዕድሜያቸው ከ45 በታች በሆኑ ወንዶች ላይ፣ በቀን አንድ ግራም በጨመረ ቁጥር የሚያስታውሱት ቃል በ0.76 ያህል ይቀንሳል።

በደንብ አንብቢው። ከ45 በታች የሆኑ ወንዶች። ዜናው ግን «ትራንስ ፋት ያስረሳል» ብሎ ነው የወጣው፣ ዕድሜውም ጾታውም መንገድ ላይ ቀርቷል። ደግሞ የተለካው አንዴ ነው። ብስኩትና የተጠበሰ ነገር የሚያበዛ ሰው እንቅልፍ የሚያጣ፣ የሚጨነቅ፣ ስፖርት የማይሠራ ሊሆን ይችላል፤ ተመራማሪዎቹ ይህንን በሒሳብ ለማጣራት ቢሞክሩም እንዲህ ዓይነት ጥናት «አብረው ታዩ» ይላል እንጂ «ይሄ ያንን አመጣ» ለማለት አቅም የለውም። ትናንት ምሳ ምን በላሽ ብልሽ እንኳ ታመነቻለሽ አይደል? እነሱ ደግሞ ማስታወስን የሚያጠኑት ሰዎች ምን እንደበሉ እንዲያስታውሱ በመጠየቅ ነው። ይሄ ነገር ሁሌ ያስቀኛል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ተወራለት? አጋጣሚው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትራንስ ፋት የሚገኝበትን ዘይት ከምግብ እንዲወጣ የወሰነው ሰኔ 2015 ላይ ነው፤ ጥናቱ የታተመው በዚያው ሳምንት ነው። ጋዜጠኛው ስለ ትራንስ ፋት የሚጽፈው ሲፈልግ ጥናቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

ከዚያ የተሻለ ጥናት አለ ወይ? አለ። 2019 ላይ የታተመ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ጃፓን ውስጥ ሂሳያማ በምትባል ከተማ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 1628 ሰዎችን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትለዋል። እነዚህ መጠይቅ አላመኑም፣ ደም ቀድተው ውስጡ ያለውን ትራንስ ፋት ነው የለኩት። 377 ሰው የመርሳት በሽታ ያዘው፤ ደማቸው ውስጥ ብዙ የተገኘባቸው ሰዎች ትንሽ ከተገኘባቸው ይልቅ በብዛት ተይዘዋል። ይሄም «አብረው ታዩ» ነው፣ ግን ካርድ ከመቁጠር የጠነከረ ነው። ስለ አንጎል የሚባለው ነገር «ሊሆን ይችላል፣ ገና አላለቀም» የሚባልበት ደረጃ ላይ ነው። እኔ አንጎልን ትቼ ልብን ነው የምፈራው፤ እዚያ ክርክሩ አልቋል።

ግን እንዴት አለቀ? ወሬ የሌለበት ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ላውራበት።

ፍሬድ ኩመሮ የሚባል የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበር። 1957 ላይ እሱና ባልደረቦቹ በሞቱ ሰዎች አካል ውስጥ ትራንስ ፋት እንዳገኙ ሳይንስ በተባለው ትልቅ መጽሔት ላይ አወጡ። ማን ሰማው? ማንም። ዘይት አምራቹ በዚያ ጊዜ በዚህ ነገር ሀብት እያካበተ ነበር። ሰውየው ሥራውን ቀጠለ። 2009 ላይ፣ በ94 ዓመቱ፣ ይታገድልኝ ብሎ ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ አቤቱታ አስገባ። መልስ ሲያጣ 2013 ላይ ከሰሳቸው። ውሳኔው 2015 ሲወጣ 100 ዓመቱ ነበር። 2017 ላይ በ102 ዓመቱ ሞተ። አንድ ሰው ከሚጠጣው ወተትና ከሚበላው እንቁላል ጋር ተስማምቶ፣ ከትራንስ ፋት ጋር ብቻ ተጣልቶ መቶ ዓመት ኖረ።

ሁለተኛው የሆላንዶቹ ነው። ሜንሲንክና ካታን 1990 ላይ ያሳተሙት። 59 ጤነኛ ሰዎች፣ ሦስት ዓይነት ምግብ፣ እያንዳንዱ ለሦስት ሳምንት። እዚህ ላይ መጠይቅ የለም፣ የሚበሉት ተለክቶ ነው የሚሰጣቸው። ትራንስ ፋት የበሉ ጊዜ መጥፎው ኮሌስትሮል ወጣ፣ ጥሩው ወረደ። እስከዚያ ድረስ የተለመደው የረጋ ስብ መጥፎውን እንደሚያወጣ ነበር የሚታወቀው፤ ጥሩውንም አብሮ ሲያወርድ የታየው ይሄኛው ነው። ይህ ጽሑፍ ሲወጣ ትዊተር አልነበረም። አልትሜትሪክ ሲጀምር ጽሑፉ 21 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ቀለበቱ የቆዩ ጥናቶችን ምን ያህል እንደሚበድል ገምቺው፤ ዓለምን የቀየሩት ጽሑፎች የድሮ ስለሆኑ ብቻ ስለ ዋንጫ ጨዋታ ከተጻፈ ቀልድ ያነሰ ሊቆጠርላቸው ይችላል።

ከዚያ 1993 ላይ ከ85 ሺህ በላይ ነርሶችን የተከታተለው የሃርቫርድ ጥናት መጣ፤ ብዙ ትራንስ ፋት የሚወስዱት በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 50 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። 2003 ላይ ዴንማርክ ቀድማ ሕግ አወጣች፦ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ከ2 ግራም በላይ ክልክል። ኒውዮርክ ከተማ ከ2007 ጀምራ ከምግብ ቤቶች አስወጣችው፤ እገዳ ያደረጉት የኒውዮርክ ግዛት አካባቢዎች ካላደረጉት ጋር ሲነጻጸሩ በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና በስትሮክ ሆስፒታል የሚገባው ሰው 6.2 በመቶ ቀንሶ እንደተገኘ 2017 ላይ ታተመ። ለኔ ከሁሉም ይሄ ነው ደስ የሚለው። ትራንስ ፋቱን አወጡት፣ ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቀነሰ።

ብዙ ሲወራ ደግሞ አንዳንዴ ወደ ገደል ይወስዳል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ከብት ስብ ነበር። ሞራ ይገላል ተባለ፣ ዘመቻው ጦፈ፣ ምግብ ቤቶች ተጨንቀው ሞራውን ደፉ። ማክዶናልድ 1990 ላይ ድንቹን የሚጠብስበትን የከብት ስብ ተወ። በምን ተኩት? አብዛኛው ምግብ ቤት በከፊል ሃይድሮጅን በተጨመረበት የአትክልት ዘይት፣ ማለትም በዋናው የትራንስ ፋት ምንጭ። ያኔ ቀለበት ቢኖር ኖሮ የሞራው ዘመቻ ቁጥሩን ይሰብረው ነበር።

ዛሬም ተመሳሳይ ነገር አለ። 2015 ላይ የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ጽሑፍ አወጣ። ትራንስ ፋት ከሞት ጋር 34 በመቶ ከፍ ያለ ግንኙነት አለው አለ። ስለ ሳቹሬትድ ፋት፣ ማለትም ስለ ተራው የረጋ ስብ፣ ግልጽ ግንኙነት አላገኘንም፣ መረጃው ግን ደካማ ነው አለ። ኢንተርኔቱ የትኛውን ያዘ መሰለሽ? «ቅቤ ነጻ ወጣ» የሚለውን። አዘጋጆቹ ግን ቅቤ ጨምሩ አላሉም።

በቃ፣ ወደ ጀሪካንሽ። ባለ 20 ሊትር፣ የሚረጋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ፓልም ነው ብዬ ልወራረድ። ፓልም በተፈጥሮው ነው የሚረጋው። ብልሃቱ እንዲህ ነው። የስብ ሞለኪውል ረጅም እንጨት ነው በይ። እንደ ኑግና ሱፍ ያለው ፈሳሽ ዘይት እንጨቱ ጎባጣ ነው፤ ጎባጣ እንጨት ስትከምሪ ክፍተት ይበዛል፣ ስለዚህ ይፈሳል። የረጋ ስብ እንጨቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ ይደረደራል። ፓልም ግማሹ ያህል በተፈጥሮው ቀጥ ያለው ዓይነት ነው። ትራንስ ፋት ግን ሌላ ነው፦ ፋብሪካ ውስጥ ፈሳሽ ዘይት ላይ በኒኬል አማካይነት ሃይድሮጅን ሲጨምሩበትና ሳይጨርሱ መሀል ላይ ሲያቆሙት፣ ጎባጣ የነበረው እንጨት እዚያው ተቃንቶ ይቀራል። የተፈጥሮ ቅርጹን ያጣው እሱ ነው ጎጂው። ሃይድሮጅኑን እስከ መጨረሻ ቢጨምሩበት ደግሞ ትራንስ ፋቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል፣ ተራ የረጋ ስብ ይሆናል።

ስለዚህ መርጋት ምስክር አይሆንም። ልጅ ሆኜ ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ጎረቤታችን የእናቴን ጀሪካን ገልብጣ አየችና «ይኸው፣ ደም ሥር ውስጥም እንዲህ ነው ግግር የሚለው» አለች። እናቴ ደነገጠች፣ ዘይቱን ትታ ያን ቀን ወጡን በቅቤ ሠራች። ቅቤው ከዘይቱ ብሶ ደርቆ ማንኪያ አልገባ ብሎት በቢላ ነው የቆረጠችው። ቅቤውን ማንም አልጠረጠረውም። የሰው ሆድ 37 ዲግሪ ነው፣ እዚያ ፓልሙም ቅቤውም ቀልጦ ነው የሚገኘው።

ፓልም መልካም ነው እያልኩሽ አይደለም። ሳቹሬትድ ፋቱ ብዙ ነው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ያወጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የረጋ ስብ ከዕለት ጉልበታችን ከ10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። የማወራሽ ስለ ሌላ ጉዳት መሆኑን እንድታውቂው ነው። ቅቤም ከከብቱ ሆድ የመጣ ትንሽ የተፈጥሮ ትራንስ ፋት አለው፣ ከስቡ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይሆናል። በምንበላው መጠን ያን ያህል ጉዳት አልታየበትም።

የምትፈሪው ነገር ከፈለግሽ ጀሪካኑን ተይውና ሱቅ ግቢ። የታሸገ ብስኩት፣ የአትክልት ቅቤ፣ ዳቦ ቤት የሚጠቀሙበት ሾርትኒንግ የሚባል ነጭ ስብ። የብስኩቱን ጀርባ ገልብጪ፣ በዚያች የጉንዳን ጽሑፍ «ፓርሻሊ ሃይድሮጅኔትድ» የሚል ካለ መልሺው። «ፉሊ» ካለ ትራንስ ፋቱ እዚህ ግባ አይባልም። «ሃይድሮጅኔትድ» ብሎ ብቻ ከተወው እኔ አልገዛም። «ትራንስ ፋት 0 ግራም» የሚለውም አያሞኝሽ፤ በአሜሪካ ደንብ በአንድ ጊዜ ምግብ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ ዜሮ ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፣ አንዴ ቁጭ ብሎ አምስት እጥፍ የሚበላ ልጅ ካለሽ ዜሮው ዜሮ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያው በቀን 2.2 ግራም ነው። በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት አንድ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ትራንስ ፋት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ከጣሪያው ያሳልፍሻል።

አውሮፓ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ የዴንማርኩ ዓይነት ገደብ አለ። ሳዑዲም በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበትን ዘይት ከልክላ፣ ጥር 2024 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ አምስት አገሮች አንዷ ሆናለች። ዘመድ ከሪያድ ብስኩት ከላከልሽ ከትራንስ ፋት አንጻር በሰላም ብዪ። ስኳሩን አላውቅልሽም።

ለምትጠብሺበት ዘይት ደግሞ አንድ ነገር። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚወጣበት ያ ጥቁር ዘይት ትራንስ ፋቱ ሲደጋገም የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ዘይቱ በሙቀትና በአየር ተሰባብሮ ሌሎች መጥፎ ነገሮች ይፈጠሩበታል። ሲጠቁር፣ ሲያረፋ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ሲያወጣ ድፊው። ይሄን ማንም ሼር አያደርገውም፤ ለጤናሽ ግን ወንድምሽ ከላከው ሊንክ በላይ ይጠቅምሻል።

ጀሪካኑን አትጣይው፣ ብር ነው። ፀሐይ ላይ አውጪው፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ወዝወዝ አድርገሽ ወደ ትንንሽ ጠርሙስ ገልብጪና ጨለማ ቦታ አስቀምጪ። ለወጥ ስትጠቀሚ ግማሽ ጭልፋ የነበረውን ወደ ሩብ አውርጂው። ሲያልቅ፣ ኪስ ከፈቀደ፣ ሱፍ ወይም ኑግ ግዢ።

ወንድምሽን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ትራንስ ፋቱን ሲያወጡ ብዙዎቹ ብስኩታቸው እንዳይፈርስ የሚረጋ ምትክ ፈልገዋል። ኩሽና ገብቶ የራሱን ብስኩት ጀርባ ያንብብልሽ፦ ምን ዘይት ይላል?